የዶዶላው ጉዞ ርካሽነት ከማን ኪስ ይወጣል?

ባለፈው እሑድ ረፋድ አምስት የምንተዋወቅ ሰዎች ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን የጀመርነው ክርክር ቀትር አልፎም አላለቀም ነበር። መነሻው በዕድሜ ከሁላችንም የሚያንሰው ወጣት በሁለት ገጽ ጽፎ ያመጣው የጉዞ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ አሥራ ሁለት ሰዎችን ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል 320 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ዶዶላ ወስዶ፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው የተራራ ደን ለሦስት ቀን በእግርና በፈረስ እየተዘዋወሩ ወፎችን እንዲያዩ፣ ሌሊቱንም በደኑ ውስጥ በተሠሩ ማረፊያ ጎጆዎች እንዲያድሩ የሚያደርግ ነበር። ወጣቱ አብልጦ የተመካው በዋጋው ነው፤ በደመወዝ የሚተዳደር መምህር ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሳይበደር ሊከፍለው የሚችል ነበርና። በማስታወቂያው ራስጌ ላይ ደግሞ «ወፍ ይመልከቱ፤ ደኑን ያድኑ» የሚል ቃል በትልልቁ ጽፎበታል።

ወጣቱ ሐሳቡን ሲያስረዳ በአገራችን ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበው ሳለ እነርሱን ብሎ የሚጓዘው አብዛኛው ሰው ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሆኑ እንደሚያንገበግበው ተናገረ። የአገሩ ልጅ ግን ጋጋኖ የሚባለው ወፍ በራሱ ላይ እየጮኸ ሲያልፍ እንኳ ቀና ብሎ አያይም፤ ቀና ማለት ቢፈልግም በዶላር የተተመነው ጉዞ በሩን ይዘጋበታል ሲል አማረረ። ከዚህም በላይ የውጭ ጎብኚን ብቻ መጠበቅ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አይተናል፤ መጀመሪያ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት እንግዳው ሲቀር አስጎብኚውም ፈረስ አከራዩም ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ስለዚህ በርካሽ ዋጋ ደጋግሞ የሚመጣ የአገር ውስጥ ጎብኚ ማፍራት ለእነርሱ ዋስትና ነው አለ። ይህን ሲል በማናችንም ፊት ላይ ተቃውሞ አልነበረም።

ተቃውሞው የመጣው ዕቅዱን ዝም ብላ ስታገላብጥ ከቆየችው የሒሳብ ባለሙያ ነው። «ወንድሜ፣ ሐሳብህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋጋውን ዝቅ ያደረግኸው ከየትኛው መስመር ላይ ቀንሰህ ነው?» ብላ ጠየቀችው። እርሱ ሲያመነታ ራሷ እየነጠለች አነበበችልን። ለትራንስፖርቱ ሙሉ ሚኒባስ በኮንትራት ተይዟል፤ ለአሥራ ሁለቱም ተጓዦች ጽሑፍ የታተመበት ቲሸርት ተመድቧል፤ ከአዲስ አበባ አብሮ የሚሄድ ፎቶ አንሺም አለ። አስጎብኚው ግን ለአሥራ ሁለት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ፈረሶቹም «እዚያው ተደራድረን እናስቀንሳለን» ተብሎ በጅምላ «የአካባቢ ወጪ» በሚል ርእስ ተጠቃለዋል። ደምራ ስታየው ቲሸርቱና ፎቶ አንሺው የሚወስዱት ገንዘብ አስጎብኚው፣ ፈረስ አከራዮቹና የጎጆው ጠባቂ በጋራ ከሚያገኙት በለጠ። «ማኅበረሰቡን የሚደግፍ ጉዞ የሚል ስም የሰጠኸው ይህንን ነው?» አለችው፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ወጣቱ ግን እጅግ አፈረ።

ከኀፍረቱ ሲመለስ የሰጠው መልስ ግን ዋዛ አልነበረም። ሰው የሚመዘገበው ፎቶውን አይቶ ነው፤ ያለ ፎቶ አሥራ ሁለት ሰው አይሞላም፤ አሥራ ሁለት ካልሞላ ደግሞ የሚኒባሱ ወጪ በጥቂት ሰው ላይ ያርፍና ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው ከወጣ ጉዞው ይቀራል፤ ጉዞው ሲቀር አስጎብኚው አነስተኛ የምትሏትንም አያገኛትም ሲል ተከራከረ። የሒሳብ ባለሙያዋም ይህ አባባል ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፍል አሠሪ ሁሉ ከሚናገረው እንደማይለይ መለሰችለት።

በዚህ መሐል የገባው በዚያው በዶዶላ ተወልዶ ያደገው፣ አሁን በመርካቶ የሚነግደው ወዳጃችን ነው። ሁለታችሁም ስለ ጥቂት ሰዎች አበል ትነጋገራላችሁ እንጂ ስለ ደኑ አትነጋገሩም አለን። በእርሱ አገር አንዲት እናት ከደኑ የለቀመችውን ማገዶ ተሸክማ ወደ ከተማ ብትወርድ በዚያው ቀን ሸጣ ጨውና ዘይት ይዛ ትመለሳለች፤ ፈረስ የሚያከራየው ጎረቤቷ ግን ተራው እስኪደርሰው ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል፤ ከብቱን በጫካው የሚያሰማራው፣ የገብስ ማሳውን ወደ ዳገቱ የሚገፋው ገበሬ ደግሞ ከጎብኚው አንዲት ሳንቲም አያገኝም። «ታዲያ የእኔ አገር ሰው ለበቀቀን ብሎ ማገዶውን ይተው? አሥራ ሁለት ሰው ሦስት ቀን ቢመጣ ደን ይድናል ብላችሁ ስትጽፉ እናቴ ብታነብበው ምን ትላለች?» ሲል ሁላችንም ዝም አልን። ጎጆዎቹም ዛሬ ሁሉም እንደ ድሯቸው ሆነው ላይገኙ ስለሚችሉ አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ እንደሚገባ አክሎ መከረ።

ዝምታውን የሰበሩት ዕድሜያቸውን በደን ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡት ጋሼ ናቸው። «ልጆቼ፣ የዚያን ደን ነገር ከጎብኚው አትጀምሩት» ብለው ታሪኩን ከሥሩ ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ በአዳባና በዶዶላ የተጀመረው ሥራ ደኑን በዘበኛ ብቻ ማስጠበቅ እንዳልተቻለ አምኖ የተነሣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የመጀመሪያዎቹ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተመሠረቱ፤ ስማቸውም ከኦሮምኛው «ዋልዳ ጂራቶታ ቦሶና» በምሕፃር «ዋጂብ» ተባለ። ቃሉ በእስልምና ግዴታ ማለት ስለሆነ ለአካባቢው ሰው ጆሮ እንግዳ አልነበረም። አንድ ማኅበር ቢበዛ 30 አባወራዎችን ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ አባወራ 12 ሄክታር ደን ታስቦ አንድ ክልል ይሰጠዋል፤ አባላቱ ከደኑ የመጠቀምና ሌላውን የመከልከል መብት ሲያገኙ፣ በምትኩ የደኑ ሽፋን እንዳይቀንስ የመጠበቅና በየዓመቱ ኪራይ የመክፈል ግዴታ ይገባሉ። የጎብኚዎቹ መንገድና እንደ ዋሆሮ፣ አንጋፉና አዴሌ ያሉት ጎጆዎች የመጡት በዚህ ላይ ተደርበው ነው። «ስለዚህ» አሉ ጋሼ ወደ ዶዶላው ተወላጅ ዞረው፣ «ደኑን የሚያቆየው መብቱ ነው። የጎብኚው ገንዘብ ድጎማ ነው፤ እንደ ምሰሶ ከቆጠራችሁት ትወድቃላችሁ። ነገር ግን ድጎማውን ናቅ አታድርገው፤ ሰው የጠበቀውን ነገር ሌላው ከሩቅ መጥቶ ሲያደንቅለት ጥበቃው ክብር ያገኛል፤ በአገሩ ልጅ ሲደነቅለት ደግሞ ይበልጣል።»

ቀጥለውም ማናችንም ያላሰብነውን ጉዳይ አነሡ፤ ማገዶና ወፍ የሚገናኙበትን ቦታ። ቢጫ ግንባር ያላት በቀቀንና ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሿ በቀቀን ጎጇቸውን የሚሠሩት በግንድ ፍልፍል ውስጥ ነው፤ ግንደ ቆርቁርም ምግቡን የሚፈልገው በአረጀና በደረቀ እንጨት ላይ ነው። የደረቀውን ብቻ ነው የለቀምነው የሚባለው ማገዶ፣ ከልኩ ሲያልፍ ለእነዚህ ወፎች ቤታቸውን እንደ ማፍረስ ይሆናል፤ ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ የሆነ ደን ውስጡ የበቀቀን ድምፅ የማይሰማበት ሊሆን ይችላል። ያረጁ የኮሶና የዝግባ ዛፎች የቀሩበትን ቦታ የሚያውቀው በዚያ ያደገ አስጎብኚ ነው፤ እርሱን ቀንሳችሁ ፎቶ አንሺ ስትጨምሩ የምታዩትንም ነገር እየቀነሳችሁ መሆኑን እወቁ አሉ። ያ ተዳፋት የዋቤ ሸበሌን ገባር ወንዞች ስለሚመግብ፣ ከአዳባ አቅራቢያ ያለው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የመልካ ዋከና ግድብም የደኑ ባለ ዕዳ መሆኑን አስታወሱንና፣ አዲስ አበባ ላይ መብራት የሚያበራ ሰው ሁሉ ዶዶላን ሳያይ እንደሚጠቀምባት ነገሩን።

ከዚያ በኋላ ንግግሩ ወደ ሰው ቁጥር ዞረ። ወጣቱ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ወፎቹን በቅርበት እንዲያዩ የተቀዳ የወፍ ድምፅ በስልክ ለማሰማት አስቦ ነበር። ጋሼ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። የውጭ ሰዎች የድመት ወፍ የሚሏትን፣ ግራጫ ላባ ለብሳ ከጅራቷ ሥር ወደ ቀይ ቡናማ የምታደላውንና በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትገኘውን ዘማሪ ወፍ ምሳሌ አደረጉ። ይህች ወፍ የተቀዳውን ድምፅ ስትሰማ ግዛቴን ሌላ ወፍ ወረረብኝ ብላ መብላቷን ወይም ጫጩት መመገቧን ትታ ትመጣለች፤ አንድ ጊዜ ቢሆን ይቅር፣ ቡድን በመጣ ቁጥር ሲደጋገም ግን ለእርሷ መከራ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ መስመር እያወራ በጽድ ደን ውስጥ ሲሄድ ደግሞ የሚያየው የተጓዡን ጀርባ ነው። ወጣቱ እዚህ ላይ ሳይከራከር ተቀበለ፤ በማስታወሻው ላይም ወዲያው ሰረዘው።

እኔ እስከዚህ ድረስ የማዳምጥ ነበርሁ፤ ፍርድህን ስጥ ሲሉኝ ግን የተሰማኝን ተናገርሁ፤ እዚህም የምጽፈው ያንኑ ነው። ወጣቱ በመሠረቱ ልክ ነው፤ ርካሽ ጉዞ ያስፈልገናል፤ የአገሩን ተራራ በአቅሙ ማየት ያልቻለ ሕዝብ ስለ ተራራው ደን ሊቆረቆር አይችልም። ይሁን እንጂ ርካሽነቱ መውጣት ያለበት ከእኛ ከተጓዦቹ ምቾት ነው። በኮንትራት ሚኒባስ ፋንታ እንደ ማንኛውም መንገደኛ በሕዝብ ማመላለሻ ተሳፍረን እስከ ሻሸመኔ፣ ከዚያም እስከ ዶዶላ መሄድ እንችላለን፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይገድልም። ምሳችን እዚያው የተጋገረ እንጀራ በሽሮ ሊሆን ይችላል፤ ሽሮውን የምትሠራውም ሴት ገቢ ታገኝበታለች። ከ3,000 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ለሚያድር ሰው የሚያስፈልገው ወፍራም ጋቢ ነው፤ ቲሸርቱ ለምኑም አይሆነውም። ቢኖኩላርም ሁሉም መግዛት የለበትም፤ ለሁለት ሰው አንድ እየተዋስን መጠቀም ይበቃል። ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ገንዘብ ሁለተኛ አስጎብኚ ለመቅጠርና ቡድኑን ስድስት ስድስት አድርጎ ለመክፈል እንደሚበቃ የሒሳብ ባለሙያዋ እዚያው ቁጭ ብላ አሰላችልን።

በፈረሱ ኪራይ ላይ ግን ከወጣቱ ጋር እስከ መጨረሻው አልተስማማንም፤ አሁንም አልተስማማሁም። እርሱ መደራደር የገበያ ልማድ ነው ይላል። እኔ ደግሞ እንግዳ ሲጠፋ የከረመበትን ሰው፣ ፈረሱን አስሮ እየጠበቀ ባለበት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሆነን ከበን ማስቀነስ ገበያ ሊባል አይገባውም እላለሁ፤ ችግሩን አይተን እንደ መጫን ነው። ክፍያውን እነርሱ በተራቸውና በማኅበራቸው ይወስኑ፤ እኛ ከመነሣታችን በፊት በስልክ ጠይቀን እንወቀው፤ ያልቻልነው ከሆነ አንድ ቀን ቀንሰን ሁለት ቀን እንቆይ። ገንዘቡም በአዘጋጁ በኩል ቆይቶ ከወር በኋላ የሚላክ መሆን የለበትም፤ ለአስጎብኚው፣ ለፈረስ አከራዩና ለጎጆው ጠባቂ ለየራሳቸው፣ በዚያው ቀን፣ በእጃቸው መሰጠት አለበት።

የዶዶላው ተወላጅ ያነሣው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ከብዶኛል፤ መልስ አለኝም አልልም። የእናቲቱን የማገዶ ገቢ የሚተካ ነገር በዚህ ጉዞ ውስጥ የለም፤ እንዳለ ማስመሰልም ለሕሊና አይመችም። ስለዚህ ወጣቱን አጥብቄ የለመንሁት «ደኑን ያድኑ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያው እንዲያነሣው ነው። ደኑን እያዳኑ ያሉት በክረምት ጭቃ የሚጠብቁት የማኅበሩ አባላት ናቸው፤ ሦስት ቀን ደርሰን ስንመለስ ያንን ስም ከእነርሱ ወስደን ለራሳችን መስጠት ተገቢ አይደለም። በምትኩ ማን ስንት እንደሚከፈለው በግልጽ ይጻፍበት፤ የሚመዘገብ ሰው ይህን አይቶ ይመዝገብ።

ወጣቱ ቲሸርቱንና ፎቶ አንሺውን ሰርዟል፤ ሁለተኛ አስጎብኚም ጨምሯል፤ በዚህም ዋጋው ከፊተኛው አልጨመረም። ራስጌው ላይ ያለውን ቃል ግን አስብበታለሁ ብሎ ተለየን። መነሻው ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ዝናሙ ካቆመ በኋላ ነው፤ ጋሼ ጉልበታቸው ቢደክምም በፈረስ አብረውን እንደሚሄዱ ቃል ገብተዋል፤ እኔም የአስጎብኚዎቹና የፈረስ አከራዮቹ ክፍያ የተጻፈበት አዲሱ ወረቀት ሲደርሰኝ ስሜን አስመዘግባለሁ።