አንድ ዳሌክ ይበቃ ነበር

በ1975 በቢቢሲ የታየ አንድ ትዕይንት አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሱቴክ የሚባል፣ ፒራሚድ ሥር ለሺህ ዓመታት ታስሮ የኖረ ክፉ ፍጡር ከእስሩ ይፈታል። ከዙፋኑ ቀስ ብሎ ይነሳል። ያኔ ከጀርባው የሰው እጅ ብቅ ይላል። ትራሱ ከሱቴክ ጋር አብሮ እንዳይነሳ ይዞ የሚያስቀር የስቱዲዮ ሠራተኛ እጅ ነው። ካሜራው ቀርጾት፣ እንዳለ ተላልፎ፣ ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሰው ይስቅበታል።

እኔም ስቄበታለሁ። የሱቴክ ድምፅ ሲመጣ ግን ሳቄ ይቆማል። ድምፁን የሰጠው ገብርኤል ዉልፍ የሚባል ተዋናይ ነው። አይጮህም። አይቸኩልም። ልጅ እሽሩሩ ብሎ እንደሚያስተኛ ሰው ለስለስ አድርጎ ስለ ሞት ያወራል። ፊቱ ጭምብል ነው። አራቱን ክፍል ከሞላ ጎደል ቁጭ ብሎ ነው የሚጨርሰው። ልጆች ሳለን አያ ጅቦን የፈራነው አይተነው አልነበረም። ማታ ከሩቅ ስለሰማነው ነው።

ድራማው "ዶክተር ሁ" ይባላል። ለማያውቀው ባጭሩ፦ ዶክተር የሚባል፣ ሰው የሚመስል ግን ሰው ያልሆነ መንገደኛ፣ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን በሚመስል መንኮራኩር በዘመናት መካከል ይዞራል። ከኅዳር 1963 ጀምሮ ታየ፣ በ1989 ቆመ፣ በ2005 ተመለሰ። ዋናው ተዋናይ ሲለቅ ገጸ ባሕርዩ ሊሞት ሲል አካሉን ይቀይርና ሌላ ተዋናይ ይሆናል። ብልህ ዘዴ ነው። ጠላቶቹም እንደሱ ናቸው፤ ይሞታሉ፣ ይመለሳሉ።

ሱቴክም በ2024 ተመለሰ። ዋና ጸሐፊው ራስል ቲ ዴቪስ የዓመቱን ማሳረጊያ ለሱ ሰጠው። ድምፁም ያው የገብርኤል ዉልፍ ነው፣ ዘጠናን ባለፈ ዕድሜው። አልዋሽም፣ ስሰማው ከሶፋው ብድግ ብያለሁ።

አጠገቤ የእህቴ ልጅ ተቀምጧል። 13 ዓመቱ ነው።

"ማነው?" አለኝ።

"ሱቴክ ነዋ!"

"እሺ፣ ሱቴክ ማነው?"

አቆምኩትና አስረዳሁት። ስለ ፒራሚዱ፣ ስለ ማርስ፣ ስለ 1975። ጨርሼ ቀና ስል ልጁ ስልኩ ላይ ነው።

ከዚያ ሱቴክ ዩኒቨርስን በሙሉ አቧራ አደረገው። ከተማው፣ ፕላኔቱ፣ ሁሉም ሰው በነነ። ሱቴክ ራሱ በኮምፒውተር የተሠራ፣ መንኮራኩሩ ላይ የተጠመጠመ፣ ቀበሮ መሳይ ግዙፍ አውሬ ሆኗል። እኔ ደንግጬ የልጁን ፊት አየሁ። "ተወው አጎቴ፣ ሁሉም ይመለሳሉ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ተመለሱ። ሁሉም ከሞተ ማንም እንዳልሞተ ልጁ ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል። ዶክተሩ ሱቴክን በገመድ አስሮ እየጎተተ ነው የጨረሰው፤ የተቀየመውን ውሻ ሲጎትት የዋለ ሰው ነው የመሰለኝ።

በ1975ቱ ውስጥ ግን እንዲህ የሚል ቦታ አለ። ሣራ፣ የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ፣ ያሉት በ1911 ስለሆነ "ዓለም በ1911 እንዳልጠፋች እናውቃለን፣ እንሂድ እንጂ" ዓይነት ክርክር ታነሳለች። ዶክተሩ አይከራከራትም። መንኮራኩሩን ወደ 1980 ይወስድና በሩን ይከፍትላታል። ውጪው ነፋስና ትቢያ ብቻ ነው። በሩን ዘግቶ ይመልሳታል። በበር ስፋት የታየች የጠፋች ዓለም፣ ያውም ለጥቂት ሰኮንዶች። ከ2024ቱ አቧራ ሁሉ ይህቺ በር ትበልጥብኛለች።

"ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" ይባላል። ያረጀን ጠላት ለማስነሳት የሚደክሙ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ይኼንኑ ነው። ጅቡን አምጥተው "በሉ ቁርበት አንጥፉ፣ ይኼ እኮ ሱቴክ ነው!" ይሉናል። የምናውቀው እኛ እናነጥፋለን። የ13 ዓመቱ ልጅ ለምን ብሎ ያነጥፋል?

ሥራው በደንብ የሚሠራበት መንገድ አለ። ይኸው ዴቪስ ራሱ በ2005 አሠርቶታል፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የማወራው ስለ ዳሌክ ነው።

ዳሌክ ትልቅ የቁንዶ በርበሬ ዕቃ የሚመስል ታንክ ነው። ውስጡ ጥላቻ ብቻ የቀረው የተኮማተረ ፍጡር አለ። ከሁለቱ እጆቹ አንዱ መሣሪያ ነው፤ ሌላው የተደፈነ ሲንክ የሚከፈትበት ባለ እንጨት ላስቲክ ነው። ቀልድ አይደለም፣ በጀት ስላልነበረ ነው። የድራማው ጠንሳሽ ሲድኒ ኒውማን ዓይነ ፈጣጣ ጭራቅ እንዳይመጣብኝ ብሎ ነበር፤ ወጣቷ ፕሮዲዩሰር ቬሪቲ ላምበርት ተከራክራ አሳለፈችው። ታኅሣሥ 21 ቀን 1963 ሕዝቡ መጀመሪያ ያየው ዳሌክን አልነበረም። ያቺን ላስቲክ ብቻ ነው ያየው፤ ግድግዳ ተደግፋ ወደምትጮህ ሴት ስትቀርብ። ክፍሉ እዚያ ላይ አለቀ። እንግሊዝ ሳምንት ሙሉ ጠበቀ። (ደራሲው ቴሪ ኔሽን በዳሌክ ሀብታም ሆነ። ቅርጹን የነደፈው ሬይመንድ ኩዚክ ግን የቢቢሲ ደመወዝተኛ ስለነበር ትንሽ ጉርሻ ነው የደረሰው። ይህም እስከዛሬ ያበግነኛል።)

ዳሌኮች በዚያው በመጀመሪያ ታሪካቸው ሁሉም ሞተው ነበር። ኔሽን የሚመለሱ አልመሰለውም። ተመልካቹ 10 ሚሊዮን ሲያልፍ ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላ ተመለሱ። እንዴት ተመለሱ? ከሩቅ ፕላኔታቸው ወደ ለንደን መጥተው። አንዱ ዳሌክ ከቴምዝ ወንዝ ውስጥ ውሃ እያንጠባጠበ ይወጣል። ሌሎቹ በዌስትሚንስተር ድልድይ ላይ ይንሸራሸራሉ። ጦርነቱ ካበቃ ገና 19 ዓመቱ ነበር፤ ጀርመን ለንደንን ቢይዝ ኖሮ የሚለውን እያሰበ ያደረ ሕዝብ ያንን ሲያይ ማንም ምንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

በ2005 ደግሞ ችግሩ ሌላ ነበር። ዳሌክ መሳቂያ ሆኗል። ደረጃ መውጣት የማይችል ጨካኝ እየተባለ አገር ይቀልድበታል። በ1988 አንዱ ደረጃ ሲወጣ ታይቷል፤ ያየው ሰው ትንሽ ስለነበር ቀልዱ አልሞተም። ለመብቱም ከኔሽን ወራሾች ጋር ሳይስማሙ ቀርተው፣ ሌላ ጭራቅ ሊተኩ ሲያስቡ ነው በኋላ የተስማሙት። ሮበርት ሺርማን የሚባል ጸሐፊ ተሰጠው። እሱም አንድ ዳሌክ ብቻ አመጣ። በሰንሰለት የታሰረ፣ የተሰባበረ፣ ቀለሙ የለቀቀ።

ቦታው ዩታ ውስጥ፣ ከመሬት በታች ያለ የአንድ ቢሊየነር ድብቅ ሙዚየም ነው። ሰውዬው ከሰማይ የወደቀ ዕቃ ይሰበስባል። ከስብስቡ ውስጥ በሕይወት ያለው አንድ ነው። ዶክተሩ የሚሰቃይ ፍጡር ሊረዳ ወደ ጨለማው ክፍል ይገባል፤ በሩ ከኋላው ይቆለፋል። ስሙን ይናገራል። ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰማያዊ መብራት ይበራና የዛገ ድምፅ ስሙን መልሶ ይለዋል።

የያኔው ዶክተር ክሪስቶፈር ኤክልስተን እዚህ ላይ የሚያሳየውን ፊት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አምስት ክፍል ሙሉ በጠላት ሲስቅ የከረመ ሰውዬ በሩን በቡጢ እየደበደበ አስወጡኝ ይላል። ዳሌክ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረንም፣ ፊቱ ነገረን። ወዲያው ደግሞ የዳሌኩ መሣሪያ እንደማይሠራ ይደርስበታል። ያኔ ዶክተሩ ይስቃል። በታሰረ ፍጡር ላይ ይስቃል፣ ይሳለቃል። ደግ የምናውቀው ሰው ሲጨክን ማየት ከዳሌኩ ይበልጥ ያስፈራል።

ከዚያ ጓደኛው ሮዝ አዝናለት እጇን ታሳርፍበታለች። የመዳፏ ቅርጽ ብረቱ ላይ ይግላል። ከመዳፏ ጉልበት አገኘና ሰንሰለቱን በጠሰ። ሲያሰቃየው የነበረው ሰውዬ በላስቲኳ ይቀልዳል፤ ላስቲኳ ፊቱ ላይ ትለጠፋለች፣ በዚያው ይቀራል። እነሮዝ ደረጃ ወጥተው ያመለጡ ይመስላቸዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ እንዲያውም ይኼ ሁሉ አውሬ በደረጃ ተሸነፈ ብሎ ያሾፋል። ዳሌኩ ቀና ብሎ ያያቸውና ቀስ ብሎ ከመሬት ይነሳል። የ40 ዓመት ቀልድ አንድ በአንድ መልስ ተሰጠው። መጨረሻ ላይ ቅርፊቱን ከፍቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ትልቅ መሣሪያ ደግኖ የቆመው ዶክተሩ ነው። "አንተ ጥሩ ዳሌክ ይወጣህ ነበር" ያለው ቀደም ብሎ ዳሌኩ ነው።

የእህቴ ልጅ ይህንን ሲያይ አንዴም ማነው አላለኝም።

እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ግን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ዳሌኮች መጡ። በሚቀጥለው ዓመት በሚሊዮን። በ2010 ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ እየተቀቡ፣ ጎበጥ ብለው መጡ፤ አፍቃሪዎቹ እንዲህ ጮኸው ስላልወደዱት ብዙም ሳይቆዩ ገለል ተደረጉ። አንዱ ሕንጻ ሙሉ ሰው ከጨረሰ ሚሊዮኑ ምን ሊያደርግ ይገባው ነበር? እነሱ ግን ሲበዙ ለመሞት ቀለሉ።

ሳይበርማኖች የሚባሉት ሌሎች የድሮ ጠላቶችም ላይ ያው ነው። በ1966 ሲጀምሩ ኪት ፔድለር የሚባል የሕክምና ተመራማሪ ካሳሰበው ነገር ነው የተነሱት፦ የሰውን አካል ቁራጭ በቁራጭ በማሽን ብንተካ የት ላይ ሰው መሆናችን ያቆማል? ፊታቸው ጨርቅ ነበር። ከጊዜ በኋላ የሚያብለጨልጭ ብረት ለብሰው የሚሰለፉ ሮቦቶች ሆኑ፣ ጥያቄው ተረሳ። በ2017 የያኔው ዋና ጸሐፊ ስቲቨን ሞፋት ወደ ጨርቁ መለሳቸው። ሆስፒታል ነው። ፊታቸው የተሸፈነ በሽተኞች ተደርድረዋል። አንዱ በእጁ ያለውን ቁልፍ ይጫናል፣ ይጫናል፣ ድምፅ የለም። ቢል የተባለችው ልጅ የድምፁን ቁልፍ ከፍ ስታደርገው ማሽኑ "ሕመም፣ ሕመም፣ ሕመም" ይላል። ነርሷ ሕመሙን አታስታግስም፣ ድምፁን ትቀንሰዋለች። የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

በ2025ቱ ማሳረጊያ ላይ ራኒ የምትባል የድሮ ጠላት ስትመጣ ተስፋ አድርጌ ነበር። ራኒ በ1985 በተዋናይቷ ኬት ኦማራ ስትጀምር ሳይንቲስት ነበረች። ዓለም ልግዛ አላለችም። ከእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አእምሮ እንቅልፍ የሚያመጣውን ንጥረ ነገር ቀድታ ትወስዳለች፤ እንቅልፍ ያጡት ሰዎች እርስ በርሳቸው ይባላሉ፤ እሷ ግድ አይሰጣትም። ሰውን ሳትጠላ የምትጎዳ። ዴቪስ ይኼን የመሰለ ሐሳብ ይዞ፣ አርቺ ፓንጃቢን የመሰለች ተዋናይ አምጥቶ ነበር፤ ከዚያ ግን ኦሜጋ የተባለ ሌላ የጥንት ጠላት፣ የአጽም ተራራ ሆኖ መጥቶ አነሳና ዋጣት። እኔ ኦሜጋን የማውቀው እንኳ "ኦሜጋ ነው?" ብያለሁ።

ደስ የሚለው ተመልካች እንዳለ አልክድም። ድምፁን ሰምቶ ብድግ ያለ ሰው ነኝ፣ በሰው ላይ አልፈርድም። ማስታወቂያም ነው፤ የድሮ ስም ሲጠራ ኢንተርኔት ሳምንት ሙሉ ይንጫጫል። ግን መንጫጫቱ ትርፍ አላመጣም፤ ከዲዝኒ ጋር የነበረው ትብብር አብቅቷል፣ ቢቢሲ ለ2026 የገና በዓል አንድ ልዩ ክፍል በዴቪስ እንደሚጻፍ ተናግሯል። ማን ይመለስ እያለ ሰው ከወዲሁ ይወራረዳል።

እኔ ስም አልሰጥም። ዴቪስ ግን በ2005 የመጀመሪያዋን ክፍል አውጥቶ ቢያያት ደስ ይለኛል። ሮዝ የምትሠራበት ትልቅ ሱቅ ምድር ቤት ውስጥ ልብስ የለበሱ የሱቅ አሻንጉሊቶች አንገታቸውን ያዞራሉ፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ይቀርቧታል። ኦቶን የሚባሉት ናቸው፣ የ1970 ጠላቶች፤ ያኔም የሱቅ መስታወት ሰብረው መንገድ ላይ ወጥተው ነበር። በዚያች ክፍል ግን "ኦቶን" የሚለውን ቃል ማንም በአፉ አያወጣውም። የሚያውቅ አወቀ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቷታል፤ ልጆቹ የ35 ዓመት አሮጌ ጠላት እያዩ እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም፣ እነሱም አልጠየቁም።