እርማት፦ «ነጭ አፍንጫ» የሌሊት ወፎችን አፍኖ አይገድልም

«በአሜሪካ ዋሻዎች የሌሊት ወፎችን የፈጀው ነጭ ሻጋታ አፍንጫቸውን ደፍኖ ነው የሚገድላቸው፤ ሰውንም ይይዛል» ላልከው፦ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ስህተት ነው።

አፍንጫቸው ላይ ያለው ነጭ ሻጋታ (ፈንገስ) ፎቶ ላይ ጎልቶ ስለሚወጣ ነው በሽታው «ነጭ አፍንጫ» የሚለውን ስም ያገኘው፤ ዋናው ጉዳት ክንፋቸው ላይ ነው። ፈንገሱ ስሱን የክንፍ ቆዳ ሲበላው የሰውነታቸው ውኃና ጨው ይዛባል። በብርዱ ወራት የሰውነታቸው ሙቀት ወርዶ፣ የልብ ምታቸው ቀንሶ፣ ያጠራቀሙትን ስብ እየቆጠቡ መተኛት ሲገባቸው ቶሎ ቶሎ ይነቃሉ። በነቁ ቁጥር ገላቸውን ለማሞቅ ብዙ ስብ ያቃጥላሉ። ስቡ ሲያልቅ፣ የሚበላ ነፍሳት በሌለበት፣ በቀን ብርሃን በረዶ ላይ ሲበሩ ይታያሉ። የሚሞቱት በረሃብ ነው ማለት ይቻላል።

ሰውንስ? ፈንገሱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እምብዛም ስለማያድግ የሰው ገላ አይስማማውም። እኛ ግን በጫማችን ጭቃ ከዋሻ ወደ ዋሻ ልናዛምተው እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ከታየ ወዲህ ሦስት የሰሜን አሜሪካ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ከ90 በመቶ በላይ ቀንሰዋል። የአውሮፓዎቹ ግን ያው ፈንገስ ይዟቸውም በጅምላ አያልቁም።