ስንት ፐርሰንት ኢታኖል እንዳለበት ማደያው ላይ ይጻፍልን

ኢታኖል (ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው አልኮል) የተቀላቀለ ቤንዚን በተነሳ ቁጥር አንዱ ሞተር ይገድላል ይላል፣ ሌላው ብራዚሎች ስንት ዓመት ነዱበት አይደል እንዴ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚለየው መኪናው ነው። ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም፣ በ2001 ዓ.ም የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል በ5 ፐርሰንት ተቀላቅሎ አዲስ አበባ መሸጥ ጀመረ፣ በ2003 ወደ 10 ከፍ አለ፣ ኋላ ላይ ኢታኖሉ አልበቃ ብሎ ተቋረጠ። ዶላር ያድናል፣ ኦክቴንም (ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይነድ የመቋቋም አቅሙን) ይጨምራል፣ እኔ አልቃወምም። የምቃወመው ሳይነግሩን መቅዳቱን ነው።

ምክንያቱም ኢታኖል አጣቢ ነው፣ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭና ዝገት አላቆ ፊልትሮው ላይ ይከምረዋል፣ ከዛ መኪናው ሜዳ ላይ ደህና ሲሄድ ቆይቶ የእንጦጦ ዳገት ላይ ሲደርስ ይታነቃል፣ ባለቤቱ ደግሞ ፓምፕ ነው ተብሎ ፓምፕ ይገዛል። ከዚህ የባሰው ቱቦው ነው። ዲኤክስና ላዳ ላይ ያለው የድሮ ጎማ ለኢታኖል አልተሠራም፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዛ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ ማለት እሳት ማለት ነው። ኢንጀክሽን ያለው ቪትዝ በኦክሲጅን ሴንሰሩ እያየ የቤንዚኑን መጠን ራሱ ያስተካክላል፣ ካርቡራተር (የድሮው ቤንዚንና አየር ቀላቃይ) ግን ካልነኩት ቤንዚን ያንሰዋል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል።

ውሃም አለ። ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ 10 ፐርሰንቱ ቅልቅል ውስጥ ከ200 እጅ 1 እጅ ገደማ ውሃ ከገባ ኢታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይቶ ውሃውን ይዞ ታች ይተኛል፣ ፓምፑ የሚስበው ደግሞ ከታች ነው! ክረምት ላይ ወራት የቆመ መኪና ያለው ሰው ይህን ይወቅ።

ማረጋገጥ የፈለገ ከእሳት ርቆ፣ ደጅ ላይ፣ መስመር ባለው ብልቃጥ 100 ሚሊ ቤንዚን ላይ 10 ሚሊ ውሃ ጨምሮ ይወዝውዘውና ያስቀምጠው። ታች ያለው ውሃ 10 ላይ ከቆመ ኢታኖል የለውም፣ ወደ 20 ከተጠጋ አለው።

ግን ይሄን ሹፌሩ ለምን ይሥራ? እንግሊዝ በፈረንጆቹ 2021 ወደ 10 ፐርሰንት ስትሄድ መኪናህ ይችል እንደሆነ የምታይበት ድረ ገጽ አዘጋጀች፣ ለማይችለው 5 ፐርሰንቱን በሱፐር ቤንዚኑ አቆየች። አሜሪካም 15 ፐርሰንቱን ከፈረንጆቹ 2001 ሞዴል በፊት ለተሠራ መኪና አትፈቅድም፣ ማደያው ላይ ተለጥፏል። እኛ ጋ በ2016 ዓ.ም የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ስለዚህ ያለው መኪና ነው እያረጀ የሚሄደው፣ ቱቦውም አብሮ። ቅልቅሉ እንደገና ሲጀመር ቀኑ ቀድሞ ይነገር፣ ፐርሰንቱ ማደያው ላይ በትልቁ ይጻፍ፣ ጋራዦችም ለኢታኖል የሚሆን ቱቦና ፊልትሮ በቅናሽ ቀረጥ ያግኙ።