የእናቴ ሐብል ቀለለ

እህቴ ጅዳ የሰው ቤት ሠርታ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ ለእናታችን የገዛችላት ሐብል ነው። 21 ካራት፣ መቆለፊያው ላይ 875 የሚል ማኅተም ያለበት። መቆለፊያው ቢሰበር ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ወሰድኩት። "ጠግነን አጥበን እንሰጥሻለን፣ ነገ ነይ" አሉኝ። ሚዛን የለ፣ ደረሰኝ የለ፤ አምኜ ሰጥቻቸው ወጣሁ።

በማግስቱ እያብረቀረቀ ተቀበልኩት። እናቴ እጇ ላይ አድርጋ ትንሽ ዝም አለችና "ይኼ ቀለለ" አለች። ሌላ ቤት አስመዘንኩት፤ ሲገዛ ደረሰኙ ላይ ከተጻፈው 2 ግራም ጎድሏል! አዲሱ መቆለፊያ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ 750፣ ማለትም 18 ካራት። ከ100 እጅ 87.5 ወርቅ የነበረውን አውልቀው 75 ብቻ ያለውን ሲገጥሙበት ማንን አስፈቀዱ? አሮጌውስ መቆለፊያ የት ገባ?

ተመልሼ ስጠይቅ "ሲታጠብ ቆሻሻው ለቆ ነው" አሉኝ። ቆሻሻ 2 ግራም? ወርቅ እኮ ለብ ባለ የሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፤ አንዲት ቅንጣት አይጎድልም። የሚጎድለው ሲሞረድ ወይም ወርቅ በሚያሟሟ አሲድ ሲነከር ነው።

ስንገዛ የእጅ ዋጋ እንከፍላለን፣ ስንሸጥ ማንም አይቆጥርልንም፤ እሺ፣ እሱን ለምደነዋል። ግን ዕቃችንን ስንሰጥ ፊታችን መዝኖ፣ ግራሙንና ካራቱን ጽፎ መፈረም ምን ይከብዳል?

እናቴ ሐብሉን አላጠለቀችውም። በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች። ለእህቴ እስካሁን አልነገርናትም።