ጨረሩ ከታማሚው ሰውነት ላይ ይለካ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1996 በኮስታሪካ፣ ሳን ሆዜ ከተማ፣ በሳን ሁዋን ዴ ዲዮስ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ማሽኑ ጨረር የሚያመነጭ አዲስ የኮባልት ምንጭ ተገጠመለት። የአዲሱ ምንጭ ጉልበት ሲሰላ 0.3 ደቂቃ እንደ 30 ሴኮንድ ተቆጠረ። 0.3 ደቂቃ 18 ሴኮንድ ነው። በዚህች ልዩነት ምክንያት ምንጩ ከእውነቱ ደካማ መስሎ ስለታየ የሕክምናው ጊዜ ረዘመ፤ 115 የካንሰር ታማሚዎች ከታዘዘላቸው ከግማሽ በላይ ጭማሪ ያለው ጨረር ተቀበሉ። ስህተቱ የታወቀው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው። ማሽኑ ደህና ነበር፤ የሐኪሞቹም ትእዛዝ ትክክል ነበር።

ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲያርፍም አያምም። ጉዳቱ ሲገለጥ የተሰጠውን መመለስ አይቻልም። ስለዚህ በስሌት ብቻ መታመን አይበቃም፤ ታማሚው ላይ የደረሰው መጠን እዚያው፣ በዚያው ሰዓት መለካት አለበት እላለሁ።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለ። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የፕላስቲክ ቁራጭ ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን ክር (ኦፕቲካል ፋይበር) ጫፍ ላይ ይገጠማል። ጨረር ሲያርፍበት ብልጭ ይላል፤ ብርሃኑ በክሩ ተጉዞ ከሕክምናው ክፍል ውጭ ካለ መለኪያ ይደርሳል። ጨረሩ በበዛ ቁጥር ብርሃኑም ይበዛል። ወደ ሰውነት የሚገባው ጫፍ ኤሌክትሪክ የለበትም፤ ፕላስቲኩም ጨረርን የሚቀበለው ውሃ በሚቀበልበት መጠን ስለሆነ፣ አብዛኛው ውሃ ለሆነው ሰውነታችን ቅርብ ነው። አንድ አስቸጋሪ ነገር አለው። ክሩ ራሱ ጨረር ሲመታው ቼረንኮቭ የተባለውን ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል፤ ካልተለየ ንባቡን ያዛባል። ፊዚሲስቶች ሁለቱን ብርሃኖች በቀለማቸው መለየት ከቻሉ ግን ዓመታት አልፈዋል።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ የማሕፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ብዙ የሚታይ ነው። ብራኪቴራፒ በሚባለው ሕክምና የጨረር ምንጩ እስከ ዕጢው ድረስ ይገባል። ከፊት የሽንት ፊኛ፣ ከኋላ የትልቁ አንጀት መጨረሻ አለ። በዚያ ቦታ የጨረሩ መጠን በየሚሊ ሜትሩ በፍጥነት ይለዋወጣል፤ አንጀት ውስጥ የገባ ጥቂት አየር እንኳ ግድግዳውን ወደ ምንጩ ሊገፋው ይችላል። በኮምፒውተር የታቀደው ጠዋት የታየውን የሰውነት አቀማመጥ ይዞ ነው። አንጀቱ አጠገብ የተቀመጠ ክር ግን ምንጩ ገና ውስጥ ሳለ ያለውን ይናገራል፤ ንባቡ ከታሰበው ከራቀም ሕክምናውን ማቋረጥ ይቻላል።

ለብዙ ዓመታት ጨረር ሕክምና የሚያስፈልገውን የአገሪቱን ታማሚ ሁሉ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል። አሁን ጅማን በመሳሰሉ ከተሞች አዳዲስ ማሽኖች ሲተከሉ “ወረፋው እያለ ለልኬት የሚሆን ጊዜ ከየት ይመጣል?” የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ወራት ለጠበቀች እናት የአንድ ቀን መዘግየት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሁሉንም በየቀኑ እንለካ አልልም። ብራኪቴራፒ የሚሰጣቸው ሁሉ ይለኩ፤ ጨረሩን ከሰውነት ውጭ ሆኖ በሚረጭ ማሽን የሚታከሙት ደግሞ ቢያንስ በመጀመሪያው ቀናቸው ይለኩ። የማሽን መግዣ በጀት ሲያዝም መለኪያውና የሜዲካል ፊዚክስ ባለሙያው አብረው ይታሰቡ።

ክሩ ብርሃንን እንጂ የጨረር መጠንን በራሱ አያውቅም፤ ይህን ያህል ብርሃን ይህን ያህል ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው ብሎ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ክሩ በሳን ሆዜው የተሳሳተ ስሌት ተመሥርቶ ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ እሱም አብሮ ይሳሳት ነበር። ስለዚህ የክሩ ማስተካከያ የማሽኑን ጨረር ካሰላው ባለሙያ በተለየ ሰው፣ በሌላ የልኬት መሣሪያ ይሠራ።