እርሳስ የገባበት ቀዳዳ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምንኖርበት ቤት አሮጌ ነው። ኅዳር ላይ ብርዱ ጠንከር ሲል ማታ ማታ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የመቧጨር ድምፅ መስማት ጀመርን። መጀመሪያ ማሞቂያው መሰለን። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ያስቀመጠችውን የጤፍ ዱቄት ልታመጣ ወረደች። ከረጢቱ ከሥሩ ተቦድሶ ዱቄቱ እስከ ግድግዳው ጥግ ድረስ ተንጠባጥቧል። በዱቄቱ ላይ ጥቃቅን የአይጥ ዱካ አለ። እንጀራ ልትጋግርበት የነበረውን ዱቄት ሙሉውን ደፋችው።

እዚህ አገር ስንመጣ ብዙዎቻችን ከተገረምንባቸው ነገሮች አንዱ ቤቱ ነው። ያ ሁሉ ዶላር የሚጠራበት ቤት ግድግዳው ሲከፈት እንጨት ነው። በእንጨቱ ላይ ወረቀት የለበሰ የጂፕሰም ሰሌዳ ይመታበታል። መሀሉ ላይ ሙቀት የሚይዝ ጥጥ መሳይ ነገር ይጠቀጠቃል። አይጥ ልትወልድ ብትፈልግ ከዚህ የሚሞቅ ቦታ የት ታገኛለች? ስለዚህ አይጥ የድሃ አገር ጣጣ ነው የሚለውን ነገር እኔ አልቀበልም። ኒውዮርክን የሚያህል ከተማ እኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ለአይጥ ጉዳይ ብቻ ኃላፊ ሾሟል።

የጠራነው ባለሙያ መርዝ ረጭቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቤቱን በውጭ በኩል ሁለት ጊዜ ዞረው። የያዘው የእጅ ባትሪና አንድ ተራ እርሳስ ነው። ተንበርክኮ የጋዝ ቧንቧው የሚገባበትን፣ የልብስ ማድረቂያው የሚተነፍስበትን፣ የበሩን ሥር በእርሳሱ እየነካ አየ። «እርሳስ ከገባበት አይጥ ይገባበታል» አለኝ። ለካ ትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይበቃታል። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ይከተላል።

ሰባት ቀዳዳ አገኘ። አንዱ ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች በፎም፣ ተነፍቶ በሚደርቅ አረፋ፣ የደፈኑት ነው። ፎሙ መሀሉ ተቦርቡሮ እንደ ዋሻ ሆኗል። አውጥቶ አሳየኝ፤ የጥርሷ ምልክት በግልጽ ይታያል። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። የምትበላው ባይሆንም የምታኝከው ትፈልጋለች። ፎም፣ ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ እንጨት ለሷ ሁሉም አንድ ነው። እሱ ቀዳዳውን ድስት የምንፈገፍግበትን በመሰለ የመዳብ ሽቦ ጠቀጠቀና ላዩን በሲሚንቶ መረገው። በበሩ ሥር ላሜራ መታበት። የማድረቂያውን አፍ በሽቦ ወንፊት ሸፈነው። ስለ መርዝ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ የሄድኩት። ጉለሌ ያለው የእናቴ ቤት የጭቃ ነው። የባሕር ዛፍ ማገር፣ በጤፍ ጭድ የቦካ ጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ልጅ ሆነን ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር፣ ኖራ የተቀባ። ማታ አይጦቹ ሲሯሯጡ ጆንያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይረግብ ነበር። አባቴ ተነስቶ በመጥረጊያ እጀታ ከሥር መታ መታ ሲያደርገው ለአፍታ ጸጥ ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት እኔና እህቶቼ ገንዘብ አዋጥተን ኮርኒሱን ጂፕሰም አስደረግነው። ወለሉ ሴራሚክ ሆነ። ፎቶው ሲላክልን ደስታችን ልክ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ሌሊት ከጂፕሰሙ በላይ ያው ሩጫ ነው።

እናቴ ለምዳዋለች። «ምን ላድርገው ልጄ፣ ድመቷም ሞተችብኝ» አለች። ድመቷ የሞተችው መርዝ የበላች አይጥ በልታ ሳይሆን አይቀርም። በሰፈሩ የአይጥ መርዝ በድምፅ ማጉያ እየተጮኸ ይሸጣል። በቁራጭ ፌስታል ተቋጥሮ ይሰጥሃል፤ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚነግርህ የለም። አሜሪካ ለቤት የሚሸጠው መርዝ ሕፃን የማይከፍተው ሳጥን ውስጥ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል። እናቴ ግን የልጅ ልጆቿ በሚድሁበት ቤት አልጋ ሥር ነው በክዳን አድርጋ የምታስቀምጠው። ይሄን ሳይ ሆዴ ተላወሰ። በዚያ ላይ አይጧ ኮርኒስ ውስጥ ከሞተች ሽታው በቶሎ አይለቅም።

በሦስተኛው ቀን የመኝታ ቤቱ መብራት ጠፋ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከጂፕሰሙ አንዱን ጠርዝ ከፍቶ ገመዱን ጎትቶ አወጣው። የጣት ያህል ርዝመት ፕላስቲኩ ተልጦ ሁለቱ መዳቦች ራቁታቸውን ጎን ለጎን ቆመዋል። ቢነካኩ እሳት ነው። ቆርቆሮውን የተሸከመው ደግሞ ደረቅ እንጨት።

እኔም እርሳስ ይዤ ወጣሁ። ብዙ መፈለግ አላስፈለገም። ቆርቆሮው ሞገድ ስላለው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ በየሞገዱ ሥር ክፍተት ይተዋል። እጄን አስገባሁበት። ቤቱን ዙሪያውን እንደዛ ነው። ጂፕሰሙን የሠራውን ግንበኛ ጠርቼ «ጋሼ፣ ይሄን ለምን አልደፈናችሁትም?» አልኩት። «ማን ያየዋል ብለን ነው» አለኝ በቅንነት። እውነቱን ነው፤ እኛም አልጠየቅነውም። ገንዘብ ስንልክ የጠየቅነው የሴራሚኩን ቀለም ነው።

ጎረቤቱ በብሎኬት የተሠራ አዲስ ቤት ነው። እዚያም አለ። የብሎኬቱ ሆድ ባዶ ነው፤ የላይኛው ረድፍ ካልተሞላ አይጥ በውስጡ እንደ ደረጃ ትወጣለች።

የሚያናድደኝ ነገሩን ድሮ እናውቀው የነበረ መሆኑ ነው። አያቴ የአይጥ ጉድጓድ ስታገኝ የተሰበረ ጠርሙስ ወቅጣ ከጭቃ ጋር ትጠቀጥቅበት ነበር። የሜሪላንዱ ሰውዬ በመዳብ ሽቦ የሠራውን እሷ በጠርሙስ ስባሪ ሠርታዋለች። ገጠር ጎተራ በድንጋይ ላይ ከፍ ተደርጎ ሲቀመጥም ያው ጥበብ ነው። ከተማ ገብተን ሲሚንቶ ስናገኝ ይሄን ጣልነው።

ከግንበኛው ጋር አራት ቀን ሠራን። የሞገዱን ሥር በድንጋይ ስባሪና በሲሚንቶ ሞላነው። አየር እንዲገባ የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ የብረት ወንፊት አደረግን፤ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ። የፕላስቲክ የትንኝ መረብ እንዳታደርጉ፣ በአንድ ሌሊት ትበጥሰዋለች። ገመዱን በብረት ቱቦ ውስጥ አሳለፍነው። መጨረሻ ላይ ውስጥ ለቀሩት ወጥመድ አጠመድን። ወጪው ከሴራሚኩ ሩቡን አይሞላም።

ባለፈው እሁድ ስደውል እናቴ ኮርኒሱ ጸጥ ማለቱን ነገረችኝ። የኩሽናው በር ግን ቀርቷል፤ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። ወንድሜ መርካቶ ላሜራ አስቆርጦ በዚህ ሳምንት ይመታበታል።