ማስተካከያ፦ የዋልታ ድብ መርዙ ጉበቱ ላይ ነው

ስለ እንግዳ ሥጋዎች ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «የዋልታ ድብ ሥጋ መርዝ ነው» የተባለው ይስተካከል። አደገኛው ጉበቱ ነው። ድቡ ስብ የበዛባቸውን የባሕር እንስሳት ስለሚበላ ጉበቱ ውስጥ ቫይታሚን ኤ ከልክ በላይ ይከማቻል። ቢቀቀልም አይለቅም። በ1597 እ.ኤ.አ. ከአሳሹ ባረንትስ ጋር ወደ አርክቲክ (የሰሜን ዋልታ አካባቢ) የተጓዙ የኔዘርላንድ መርከበኞች ጉበቱን በልተው በጠና ታመሙ። የሦስቱማ ቆዳ ከእግር እስከ ራስ ተላጠ፤ ቫይታሚን ሲባል እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሥጋውን ግን የአርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑይቶች ከጥንትም ይበሉታል። ብቻ በደንብ ይብሰል። ትሪኪኔላ የሚባል ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ የአርክቲኩ ዝርያ ደግሞ ብርድ አይበግረውም። ስለዚህ «ፍሪዘር ውስጥ ከከረመ ጥሬውን መብላት ይቻላል» የሚለውም ይሰረዝ።